የአደራ ድምፅ

«ድምፅዋን አሰማኝ አልኩህ! ፎቶ አይናገር፤ ፎቶ ምን ያደርግልኛል?»

ወንድ ልጇ የሟች እኅቱን ድምፅ መቅረጫ በመዳፉ እያገላበጠ አመነታ። ለቅሶ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሻይ የያዘ ሻዩን፣ ያልያዘ ጉልበቱን ይዞ ወደ እናትዮዋ ያያል። ሴትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። ምላሷም ስለሚወጋ ሰፈሩ «መርፌ» ነው የሚላት። ልጇን ከቀበረች ወዲህ ግን ያ ምላስ ሥራ ፈቷል፤ እንዲህ ስትቆጣ ገና ዛሬ መስማታቸው ነው።

ሟቿ የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። ሰው መቼም መሾም ይወዳል፣ ትምህርቱን ሳትጨርስ «ዶክተር» ብሎ ሾማት። ጥርሱን የታመመ ሁሉ አፉን ከፍቶ መንገድ ላይ ይጠብቃታል።

«ኧረ እኔ ሰው አላክምም! የማክመው የጤና ፖሊሲን ነው» ትላለች።

«ፖሊሲን ደግሞ ምን አመመው?» አሏት አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ጎረቤት።

«ዓይኑን ነዋ! ታችኛውን ሰፈር አያይም።»

ታችኛው ሰፈር ከወንዙ ማዶ ነው። ካርታ ላይ የለም፤ ሰዉ ግን አለ፤ ይወልዳል፣ ይታመማል፣ ይሞታል። የአንዱ ጤና ጣቢያ ኃላፊ «የእኔ አይደላችሁም» ይላቸዋል፤ ሌላውም እንደዚያው። ዶክተር ይህን ልታጠና ስትመላለስ፣ የተሳፈረችበት ሞተር ብስክሌት በዝናብ ተንሸራቶ ወንዙ ውስጥ ገባ።

ወንድምየው ቁልፉን ተጫነ።

«ስምዎን አልጠይቅም» አለች ሟቿ፣ በለቅሶ ቤቷ መሀል። «የሚነግሩኝ አደራ ነው። ጽፌ ስጨርስ ድምፅዎን አጠፋዋለሁ። ከዚያ በፊትም ቢሆን፣ ካልተመቸዎት አጥፊው ይበሉኝ፤ አጠፋዋለሁ።»

መርፌ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያን ሰሞን ልጇን ጉንፋን ይዟት ነበር፤ ነገር ስትጨርስ አፍንጫዋን ሳብ ታደርጋለች። ወይኔ! ይህችን እንኳ ረስታት ነበር።

ቀጥሎ የሌላ ሴት ድምፅ መጣ። «ልጄን ምጥ ይዟት ጤና ጣቢያው በር ደረስን። ኃላፊው ራሱ ወጣ። የእናንተ ሰፈር እኔን አይመለከተኝም ብሎ በሩን...»

ከፊት የተቀመጠው የጤና ጣቢያው ኃላፊ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

በሩ አጠገብ ደግሞ አንዲት ልብስ አጣቢ የልጅ ልጇን እንደታቀፈች ክው ብላ ቀርታለች። ከታችኛው ሰፈር ነው የመጣችው። መርፌ አንዴ ኃላፊውን፣ አንዴ አጣቢዋን አየች። ነገሩ ገባት፤ ጉድ ማፍላቷ ነው!

«ልጄን! ኧረ ልጄን! ኧረ የሰው ያለህ!» ደረቷን እየደቃች እሪ አለች። ለቅሶተኛው ሁሉ ተከትሏት ጮኸ። መቅረጫው የሚለው በእሪታው ተዋጠ። ወንድምየው እናቱ ያልቻለችው መስሎት ቶሎ ዘጋው።

ጩኸቱ ሲበርድ ኃላፊው ተነሣ። መጀመሪያ የሄደው ወደ አጣቢዋ ነው።

«ሕፃኑ እንዴት ነው?» አለ፣ ጉንጩን በጣቱ ነካ አድርጎ። «የሚጥል በሽታውን መድኃኒት አሁን እኔ ነኝ የምሰጥሽ አይደል? ለምኜሽ ሳይሆን ለምነሽኝ። ሌላ የሚሰጥ የለም።»

«አዎ ጌታዬ» አለች፣ ድምፅዋ እንዳይለይ በሹክሹክታ።

ከዚያ ወደ መርፌ ጎንበስ አለ። «እግዜር ያጽናሽ እናቴ። ያ መንገድ ክፉ ነው ብዬ መክሬያት ነበር፤ አልሰማ አለች። ለማንኛውም ጥናቱን የፈቀደው የእኛ መሥሪያ ቤት ስለሆነ መቅረጫውን እንረከባለን። ጥበቃዎቹ መኪና ውስጥ ናቸው፤ ልጥራቸው።»

«ምን ገዶኝ፣ ከነከረጢቱ አመጣልሃለሁ» አለች መርፌ። «ሻይህን ጨርስ፤ በለቅሶ ቤት ሻይ አይተርፍም።»

ወንድምየውን በዓይኗ ጠቅሳው ጓዳ ገባች። አጣቢዋም ውሃ የፈለገች መስላ ተከተለቻቸው፤ ገብታም መርፌ እግር ላይ ወደቀች።

«እትዬ መርፌ፣ እኔን እንዳሻው ያድርገኝ። መድኃኒቱን ከከለከለው ግን ይሄ ሕፃን አይተርፍም። እናቱን ቀብሬ እሱን ልቅበር?»

«ተነሺ፤ ነውር ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«እማዬ» አለ ወንድምየው፣ «የእኅቴን ድምፅ ብቻ ለይቶ ለማስቀረት ኮምፒውተር ያስፈልገዋል፤ ጊዜ ደግሞ የለም። ከጠፋ ሁሉም ነው የሚጠፋው። የዶክተርም።»

«ሌላ ቦታ ድምፅዋ የለም?»

«ስልኳ አብሯት ወንዝ ገብቷል።»

ውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ።

ዶክተር ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጣ የሰዎቹን ቃል ስትጽፍ መርፌ ስንቴ ለምናታለች! «አንዷን እንኳ አሰሚኝ፤ ለማን እናገራለሁ?» ልጅቱም ትስቃለች። «እማዬ፣ ደንበኛሽ ያመጣውን ጨርቅ ለሌላ ሰው ትሰፊዋለሽ?» «ምን ሲደረግ!» «እንግዲያው ተይኛ።»

«አንዴ ብቻ» አለች መርፌ። መቅረጫውን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ጉንፋን የያዘው ድምፅ መጣ፤ ስምዎን አልጠይቅም አለ፣ አደራ ነው አለ።

«...ካልተመቸዎት አጥፊው ይበሉኝ፤ አጠፋዋለሁ።»

ልጅቱ መቅረጫው ውስጥ አፍንጫዋን ሳብ አደረገች።

«እሺ የኔ ልጅ» አለች መርፌ። «አጥፊው።» ወንድምየው ያሳያትን ቁልፍ ተጫነች።

«አለቀ?»

«አለቀ፣ እማዬ።»

የጓዳው በር ተንኳኳ። መርፌ ባዶውን መቅረጫ ከጆሮዋ አላነሣችውም።