ለነገ የቀረው ግድግዳ

1.

ጓ።

ጓ።

ጓ።

የመዶሻ ድምፅ ነው። ከታች ነው የሚመጣው። ወንድሜ ቤታችንን እያፈረሰ ነው።

2. እርማት

«ቤታችንን» ማለቴ ልክ አይደለም። አባታችን አዳማ ላይ ፎቅ ቤት ሠርቶ ሲሞት ምድር ቤቱ ለወንድሜ፣ ከላይ ያለው ለእኔ ደረሰ። ወንድሜ ምድር ቤቱን ለሶፋ ነጋዴ ሊያከራይ ነው። ነጋዴው ደግሞ ግድግዳ አይወድም፤ ሶፋው ከአስፋልቱ መታየት አለበት። ስለዚህ ወንድሜ የሚያፈርሰው የገዛ ግድግዳውን ነው። እኔ ከላይ መኖሬ የእኔ ችግር ነው።

የወንድሜን ስም በዚህ ጽሑፍ አልጽፈውም። ተኮራርፈናል። ጸሐፊዋ እኔ ስለሆንኩ መብቴ ነው።

3. ከመኮራረፋችን በፊት የተነጋገርነው፣ እንዳለ

እኔ፦ መሬቱ ሰሞኑን እየተንቀጠቀጠ ነው። ትንሽ አትታገስም?

እሱ፦ ቤት የሚይዘው ኮለኑ፣ የኮንክሪቱ ምሰሶ ነው። ብሎኬት መጋረጃ ማለት ነው።

እኔ፦ ሰሚራ እንደዚያ አላለችም።

እሱ፦ ሰሚራ ደግሞ ማናት?

እኔ፦ ተማሪዬ የነበረችው፣ ኢንጂነሯ።

እሱ፦ እንግዲያው ሰሚራ ቤት ሄደሽ ኑሪያ!

ከዚህ በኋላ የተባባልነውን አልጽፍም። ቦታውን ብቻ እተዋለሁ።





አያችሁ? ይህን ያህል ነበር።

4. ቤታችሁ ሞክሩት

ሰሚራ ያሳየችኝ ነው። ባዶ ካርቶን ውሰዱ። አራቱን ጎኖች በቢላዋ ቆርጣችሁ አውጡና ማዕዘኖቹን ብቻ እንደ እግር ተዉ። ላዩ ላይ ያልተቆረጠ ካርቶን ደርባችሁ በፕላስተር አጣብቁት። አሁን ጠረጴዛውን ነቅንቁ። የላይኛው ካርቶን ደንድኖ እንደቆመ ነው። የሚታጠፉት የታችኛው እግሮች ናቸው።

«ቲቸር፣ ሁሉም ፎቅ ግድግዳ ካለው ንቅናቄውን ይካፈሉታል» አለችኝ ሰሚራ። «ታች ብቻ ከጎደለ ግን ጣጣው ሁሉ ኮለኖቹ ላይ ይወድቃል።»

የላይኛው ካርቶን ውስጥ የምኖረው እኔ ነኝ። ፈራሁ።

5. በመስኮት የተሰማ

— ጋሼ፣ የጓሮውንስ ግድግዳ እንጀምረው?

— እሱን ነገ።

በማግስቱም ሠራተኞቹ ጠየቁ፤ በማግስቱም ወንድሜ «እሱን ነገ» አለ። የፊቱ ፈረሰ፣ የመሀሉ ፈረሰ፣ የጎኑ ፈረሰ። የጓሮው ብቻ ቀረ። ስንፍና ነው ብዬ ደመደምኩ። ወንድሜ ሲፈጥረው ሥራ መጨረስ አይሆንለትም።

6.

እሁድ ከሰዓት የተማሪ ፈተና እያረምኩ ነበር።

እስክሪብቶው

ከጠረጴዛው

ላይ

ተንከባለለ።

ከዚያ ቤቱ ተወዛወዘ። ቁም ሳጥኑ ሄዶ መጣ፣ ብርጭቆ ረገፈ፣ እኔ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ «እግዚኦ» እላለሁ። ከታች አንድ ነገር ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ሲረጋጋ በደረጃው ሮጬ ወረድኩና ዞሬ ቤቱን አየሁ።

ቆሟል።

7. ድንኳን

ወደ ቤቱ መመለስ የፈለገ የለም። የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ሽብሩ «ድንኳኑ ይተከል» አሉ። የእድር ድንኳን ያው የለቅሶ ድንኳን ነው፤ ሌላ የለንም። እኔ ቤት ፊት ለፊት ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ።

ከማዶ ሰፈር እትዬ ጌጤነሽ ድንኳኑን ከሩቅ አዩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ መጡ። እኛ ዘንድ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ከዚያ ይጠየቃል። ሌሎችም እየጮኹ ተከተሏቸው።

— ኧረ ማን ነው የሞተው?

— ማንም።

— ማንም?

— ማንም አልሞተም፣ እትዬ።

«ታዲያ ምን ያስለቅሰኛል!» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ድንኳኑ ሳቅ በሳቅ ሆነ። በለቅሶ ድንኳን እንደዚያ ስንስቅ በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሳቁን ያልሰማ አንድ ሰው ነበር። ስልክ ስላልሠራለት ከሥራ ቦታው በሩጫ ሲመጣ የሰማው ለቅሶውን፣ ያየው ድንኳኑን ብቻ ነው።

8. ከመንገዱ የመጣ ጩኸት፣ እንዳለ

«እታገኝ! እህቴን! እኔ ነኝ የገደልኳት! በገዛ እጄ!»

ወንድሜ ነው። አንድ እግሩ ጫማ የለውም። ደረቱን እየደቃ ገባ። እትዬ ጌጤነሽ ክንዱን ያዙት።

«መክብብ! አንተ መክብብ! ቀና በል እንጂ፣ ያቻትልህ ተቀምጣለች!»

(ስሙን የጠሩት እሳቸው ናቸው። እኔ ቃሌን አላጠፍኩም።)

አየኝ። መጥቶ እግሬ ሥር ቁጭ አለ። ለእሱ ያዘጋጀሁት ስንት ንግግር ነበረኝ፤ ሁሉንም ትቼ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

9. ሰሚራ

በማግስቱ መጥታ ምድር ቤቱን አየች። ኮለኖቹ አናታቸው ላይ ተሰንጥቀዋል። የጓሮው ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ኤክስ ሠርቶ ተተርትሯል።

«ንቅናቄውን የተሸከመላችሁ ይህ ነው» አለች። «ይህም ፈርሶ ቢሆን ኖሮ...» ብላ ተወችው።

«ለምን ሳታፈርሰው ቀረህ?» አልኩት ወንድሜን።

ጎንበስ ብሎ ከግድግዳው ግርጌ አቧራውን በመዳፉ ጠረገ። ልጆች ሳለን፣ ልስኑ እርጥብ እያለ፣ አባታችን በሚስማር የጻፈው የሁለታችን ስም ነበር። እኔ ረስቼው ነበር።

«መዶሻውን አነሣለሁ፤ እጄ እምቢ ይለኛል» አለ። «ነገ፣ ነገ እያልኩ ነው።»

ሰነፍ ያልኩትን ሰርዙልኝ።

10.

ኮለኖቹ በብረትና በኮንክሪት ተጠናከሩ። የፈረሱት ግድግዳዎች ተመለሱ፤ ሰሚራ እንዳዘዘችው በብረት ከኮለኖቹ ጋር ተያያዙ። የተተረተረው የጓሮው ግድግዳም ፈርሶ እንደ አዲስ ተሠራ። መሬቱ ዳግም አይንቀጠቀጥም ያለን የለም። ግን አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል።

የሶፋው ነጋዴ ሌላ ቤት አገኘ።

«ምድር ቤቱስ?» አልኩት ወንድሜን።

«ከነልጆቼ እኔው እገባበታለሁ» አለኝ።

ዛሬ የጓሮው ግድግዳ ተለሰነ። ወንድሜ ሚስማር ይዞ ተንበረከከና ስሜን ጻፈ። ጽሕፈቱ ዛሬም እንደ ልጅነቱ ጠማማ ነው። ከዚያ ሚስማሩን ሰጠኝ።

«በይ፣ ልስኑ ሳይደርቅ።»

አልጽፈውም ያልኩት እኔ ነኝ። ቃሌንም አላጥፍም። አንባቢዎቼ፣ ስሙን ታውቁታላችሁ፤ እባካችሁ አግዙኝ።

እታገኝ እና ______________