ጭቃው ሲለሰልስ

ኑ ልጆቼ፣ ከነፋሱ ወዲህ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። የኦቦ ዲንሳን ነገር ልንገራችሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። ከጌዶ ወዲያ፣ ረግረግ ባለው ወንዝ ላይ ድልድይ ይሠራ ነበር። ዲንሳ የመዶሻው ሰው ነው፤ ያንን ከባድ ብረት በሽቦ ገመድ እያነሳ የኮንክሪቱ ምሰሶ አናት ላይ ይለቀዋል፣ ምሰሶውም ወደ መሬት ይገባል። ቤቱ ማዶ ነው። ሚስቱ ድንቅቱ ብቻዋን ናት፤ ልጅ አልሰጣቸውም። ወንዙ ከሞላ ደግሞ እስከ መስከረም የሚሻገር የለም።

የመጨረሻው ምሰሶ ሲተከል ሰማዩ በላይ በኩል ጠቆረ። ዲንሳ ቤቱ ለመክረም ከጎርፉ መቅደም አለበት፤ በግማሽ የገባ ምሰሶ ግን ለጎርፍ ተትቶ አይኬድም። ምሰሶው ለስላሳ ጭቃ አገኘና ሰተት ሰተት ይል ጀመር። ሠራተኞቹ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ የአጥር እንጨት ሲገባላቸው በኃይል መምታት ነው የለመዱት።

«ከፍ አድርገህ ልቀቀው እንጂ!» አለ በምሰሶው አናት ላይ ጣውላ የሚያነጥፈው ቦጂያ። «ድንቅቱ ሌላ ባል ሳታገባብህ!»

ሳቁ። ዲንሳም ሳቀ፤ መዶሻውን ግን ይባስ ብሎ ዝቅ አደረገው። ፎርማኑ በድሉ አስተምሯቸዋል፤ ኮንክሪት ቢጫኑት ይችላል፣ ቢስቡት ግን እንደ ሸክላ ነው። ምቱ ከታች የሚገታው ሲያጣ ተመልሶ ምሰሶውን ከውስጥ ይስበዋል፣ ይሰነጥቀዋልም። ስንጥቁ ጭቃ ውስጥ ነው፣ ማን ያየዋል?

«ቦጂያ፣ የአናቱን ጣውላ ቀይርልኝ። ተጨፍልቋል፣ ምቱን አያበርድም።»

«አሁን? ኧረ ኦቦ ዲንሳ፣ ዝናቡ እኮ መጣ!»

«ቀይር ወንድሜ።»

ቀየረ። ዲንሳ ቀስ እያለ መታ፤ ምሰሶው ጠንካራውን መሬት እስኪነካ መታ። ቀና ሲል ወንዙ ደፍርሶ፣ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ድንቅቱ ማዶ ቆማለች። «አካም? ደህና ነሽ?» ብሎ ጮኸ። ውሃው ድምፁን ዋጠው።

በማግስቱ ጓደኞቹ በጭነት መኪና ወደ አምቦ ሲመለሱ «ና እንሂድ፣ እዚህ ብቻህን ምን ትሠራለህ?» አሉት።

«ከዚህ የቤቴ ጭስ ይታየኛል» አለ።

ክረምቱን በሠራተኞቹ ጎጆ ብቻውን ከረመ። ጠዋት ጠዋት ወደ ወንዙ ይወርዳል፣ እሷም በማዶ ትወርዳለች፤ እጅ ይነሳሳሉ፣ ሌላ ምን ይባላል? ጉሙ ሳይገለጥ ሲቀር ግን ጭሱም እሷም የሉም። ያን ቀን ደህና መሆኗን ሳያውቅ ይተኛል።

እናንተ ዛሬ በዚያ ድልድይ ላይ በመኪና እልፍ ትላላችሁ። ስታልፉ እባካችሁ ልጆቼ፣ ማዶ ለማዶ ቆመው የከረሙትን ሁለቱን አስቡልኝ።