የኤቴልካ ቀኝ እግር

ኤቴልካ ሸክላ ሠሪ ናት። አርባ ዓመት ሙሉ መንኮራኩሯን በቀኝ እግሯ እየገፋች ኖራለች። በዚሁ እግር ጭኗ ውስጥ የበቀለው ብርቱካን የሚያህል ዕጢ ግን ይህን ሁሉ ከቁብ አልቆጠረውም። ሐኪሞች እንኳ በዓመት አንዴ ቢያዩት ነው የሚባል የካንሰር ዓይነት ነበር።

የሴጌድ ከተማ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ዶክተር ዛላን አልሸፋፈነላትም።

«እግሩን መቁረጥ አለ። አለዚያ ካንሰሩን እንዲገድል የተገራ ቫይረስ ዕጢው ውስጥ እየወጋን ጨረር እንጨምርበታለን፤ ከዚያ ዕጢውን ብቻ አወጣለሁ። ካንሰሩ ካልሞተ ግን እግሩ ይሄዳል።»

«ያለ እግር ምን ልሠራ? ውጋ እንጂ ልጄ!» አለችው።

ጨረሩ የሚያርፍበትን ቦታ የጨረር ባለሙያዋ ሃይናልካ ጭኗ ላይ በሐምራዊ ቀለም አሰመረችና ውሃ እንዳታስነካው አስጠነቀቀቻት። ኤቴልካ ደግሞ ጭቃ ይዞ ሐኪም ፊት መቅረብን እንደ ነውር የምታይ ሴት ናት። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ እግሯን ስትፈትግ መስመሩ አብሮ ጠፋ። ደነገጠች። ወዲያው ግን ያለ ማስመሪያ ሳህን ላይ ክብ የምትስል እጇ ትዝ አላትና ብሩሿን አንስታ ራሷ መልሳ ሳለችው። ኩራት ነዋ!

ሰኞ ሃይናልካ አየችው።

«ይሄን ማን ሠራው?»

«እኔ። አያምርም?»

«ያምራል እንጂ! አበባ ብትጨምሪበት ገበያ ይወጣ ነበር። አንቺ ሴትዮ፣ በአንድ ጣት ስተሻል! ጨረሩን ጤነኛው ሥጋሽ ላይ ልታሳርፊው ነበር እኮ!»

የኤቴልካ ዓይን እንባ ሞላ። «በገዛ እጄ እግሬን አስቆረጥኩት?»

«የዛሬውን ገና አልጀመርንም። ተኚ፣ አትንቀሳቀሺ» አለቻትና በምስል ለክታ እንደገና አሰመረች። ሕክምናው አንድ ቀን እንኳ አልተጓደለም።

ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ የላቦራቶሪው ውጤት እስኪመጣ አሥር ቀን ጠበቀች። ዕጢው ውስጥ ሕያው ነገር ከተገኘ እግሩ አይተርፍም። በአሥራ አንደኛው ቀን ዶክተር ዛላን ወረቀት ይዞ፣ ሃይናልካን አስከትሎ፣ እየሮጠ ገባ።

«ድምጥማጡ ጠፍቷል! አንድም ሕያው ሴል የለም!»

«እግሬስ?»

«የራስዎ ነው።»

ኤቴልካ የማንንም እጅ ሳትጠብቅ ከአልጋዋ ወረደችና ወለሉን በቀኝ እግሯ ረገጠችው። ሕመሙ እስከ ወገቧ ዘለቀ።

«ያመኛል!» ብላ በደስታ ጮኸች። «ስሙኝ ሰዎች፣ እግሬን ያመኛል!»