ዘጠኝ ግልባጭ

የሣራ ደብዳቤ አራት መስመር ነበር። ወይዘሮ በሰለች ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ከአንኮበር መጥተው፣ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«አንኮበር ላይ ያሠራሁት የእንግዳ ማረፊያ ለጥምቀት ይከፈታል። አርባ የሱፍ ብርድ ልብስ እፈልጋለሁ። እስከ ታኅሣሥ ሠላሳ ታደርሱልኛላችሁ ወይ? እስከዚህ ዓርብ በጽሑፍ ካልመለሳችሁልኝ ከፋብሪካ እገዛለሁ። ሣራ ቴዎፍሎስ።»

እኔ ደብረ ብርሃን ባለው የሱፍ ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ደብዳቤ ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራው የተከፋፈለ ነው፤ በየገጠሩ ባሉት ማኅበራት ውስጥ ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ፣ እኛ ደብዳቤ እንጽፋለን። በደንቡ መሠረት ማንኛውም ማኅበር ያለ ዩኒየኑ ደብዳቤ ትዕዛዝ መቀበል አይችልም። የሣራ ማረፊያ ጣሪያ ከወይዘሮ በሰለች ደጃፍ ይታያል። ሆኖም የአንኮበሩ ማኅበር ሊቀመንበር የሆኑት ወይዘሮ በሰለች «እሺ» ለማለት ደብረ ብርሃን ድረስ መምጣት ነበረባቸው።

«የኔ ልጅ፣ ቶሎ በይልኝ» አሉኝ። «ሱፉ ተፈትሎ አልቋል። ሸማኔዎቹ ግን ሥራ የለም ብለው እቃቸውን ሊሰቅሉ ነው። ሁለቱ ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ ሆነው ሊቀጠሩ ተመዝግበዋል። ይኼ ባና ካመለጠን ማኅበር የሚባል ነገር አይኖርም፤ እኔ ብቻዬን የማንን ማኅበር ልምራ?» ባና የሚሉት የሱፍ ብርድ ልብሱን ነው።

ደብዳቤውን ለሥራ አስኪያጃችን ለአቶ ሰይፈሥላሴ አስገባሁላቸው። ሁለት ጣታቸውን አሹለው፣ የሞተ ነገር እንደሚያነሣ ሰው አነሡት።

«ራስጌ የለው፣ ቁጥር የለው፣ ጉዳዩ የለው! ይኼ ደብዳቤ ነው ወይስ ለባለሱቅ የተላከ ብጣሽ?»

አቶ ሰይፈሥላሴ ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ከዚያም ዩኒየኑ እንደ ቅርስ የወረሳቸው ሰው ናቸው። ባለፈው ክረምት «ውጤታማ የሥራ ደብዳቤ አጻጻፍ» የሚል የሦስት ቀን ሥልጠና ሰጥተውናል። አንደኛው ቀን ስለ መግቢያ፣ ሁለተኛው ቀን ስለ መዝጊያ ነበር። ሦስተኛው ቀን በሙሉ ስለ ግልባጭ ሆነ። መሐል ላይ ስለሚገባው ነገር ቀን አልተመደበም። «ውጤታማ ደብዳቤ ማለት» ብለው ነበር በማጠቃለያው፣ «ነገ ጸሐፊውን የማያስጠይቅ ደብዳቤ ማለት ነው።» ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ከአዳራሹ ፈገግ ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሌሎቹ ይጽፉ ነበር።

«ረቂቁን አዘጋጂ» አሉኝ። አዘጋጅቼ በአምስት ደቂቃ ተመለስኩ። እንዲህ የሚል ነበር፦ «ትዕዛዝዎን ተቀብለናል። አርባውን ብርድ ልብስ እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን እናደርሳለን።»

መነጽራቸውን አወለቁ።

«አርሴማ፣ ዩኒቨርሲቲ ስንት ዓመት ተቀመጥሽ?»

«አራት ዓመት።»

«ለአራት ዓመት ሁለት መስመር። ለመስመር ሁለት ሁለት ዓመት ማለት ነው! እንዲህ ከሆነ ፒኤችዲ ስትይዢ ነጥብ ብቻ ታደርጊያለሽ።» ራሳቸው ሳቁበት። «ደግሞ 'እናደርሳለን' ምንድን ነው? 'እናደርሳለን' ብለሽ ከጻፍሽ እኮ ማድረስ ግዴታ ይሆናል!»

«ጋሼ፣ የጠየቀችው እሱን ነው።»

«እሷማ ትጠይቅ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። የወረቀት ወለምታ ደግሞ በጠበቃም አይታሽም። ቁጭ በይና ልንገርሽ፤ ጻፊ።»

ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። አቶ ሰይፈሥላሴ ሲያስጽፉ ይቆማሉ፤ በመስኮቱ ወደ ባጃጆቹ እያዩ፣ ቃሉን ከሩቅ ተራራ እንደሚጠሩት ነው። ሐሳቡ ማለቁ ከታወቃቸው «ሲሆን» ይላሉና ዓረፍተ ነገሩ እንደገና ነፍስ ይዘራል። ሲጨርሱ ቀትር ሆኖ ነበር። የደብዳቤው ዋና ክፍል ይኸው ነው፦

«ጉዳዩ፦ የብርድ ልብስ ጥያቄን በተመለከተ ምላሽ ስለመስጠት፤ ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ዩኒየናችን የአባላቱን የገበያ ትስስር ለማጠናከር ባለው ቁርጠኛ አቋም መነሻነት ያቀረቡትን ጥያቄ በትኩረት የተመለከተው ሲሆን፣ ጉዳዩ ከሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት ጋር በቅንጅት እየታየ የሚሄድ መሆኑ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ሁኔታዎች በፈቀዱ መጠን ተፈጻሚ ሊሆን የሚችልበት አግባብ የሚመቻች መሆኑን እያሳወቅን፣ ለሚደረግልን ቀና ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ጋሼ፣ 'እንሠራለን' የሚለው የቱ ጋ ነው?»

«ውስጡ አለ» አሉ። «ብስል አንባቢ ያገኘዋል።»

ወይዘሮ በሰለች በረንዳው ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እየጠበቁ ነበር። ማንበብ ስለማይችሉ ወጥቼ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አዳመጡኝ፤ ሳበቃ «አሜን» አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ባናውን እንሥራ ነው አንሥራ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ገና አልወጣም» አልኳቸው። «ግልባጭ ይቀረዋል።»

ግልባጭ ሁለት ቀን ወሰደ። አርባ ብርድ ልብስ ከአንድ ኮረብታ ወደሚቀጥለው ኮረብታ ስለሚሻገር ዞን ማወቅ አለበት፤ ዞን ካወቀ ወረዳ ይቀየማል፤ ማረፊያው እንግዳ ስለሚያሳድር የባህሉ ቢሮ ይመለከተዋል፤ ሱፉ ከበግ ስለሚገኝ የእንስሳቱም ይመለከተዋል። በዚህ ዓይነት ዘጠኝ ደረሱ። ከዚያ ማን ከማን በላይ ይጻፍ የሚለው መጣ። ማኅተሙን የምትይዘው አስካለ፣ ዝርዝሩን ስታይ ደነገጠች።

«ባህሉን ስድስተኛ አደረግሽው? አምና አምስተኛ ነበሩ እኮ! ወረድን ብለው ይገነፍላሉ።»

«ማን ይውረድ ታዲያ?»

«እንስሳቱን አውርጂ። እነሱ አይናገሩም።»

አቶ ሰይፈሥላሴ ግን እንስሳቱን አላወርድም አሉ፤ ኃላፊው የክርስትና ልጃቸው አባት ነው። ባህሉ ስድስተኛ እንደሆነ እንደገና ተጻፈ። ረቡዕ ማታ ሊወጣ ሲል ማኅተሙ የፊርማውን ሩብ መንካት ሲገባው ግማሹን ሸፈነው ተባለና ዘጠኙም እንደገና ታተሙ። ሐሙስ ከሰዓት ደብዳቤው ለአንኮበር ሚኒባስ ሹፌር ተሰጠ። ግልባጮቹ ግን በዩኒየኑ መኪና ነው የሄዱት።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ የቢሮው ስልክ ጮኸ። ሣራ ነበረች።

«ደብዳቤያችሁን ሦስት ጊዜ አነበብኩት» አለች። «ከዚያ ለሠራተኞቼ አነበብኩላቸው። ዘበኛው እምቢ ነው ይላል፤ አብሳይዋ እሺ ነው ትላለች። ሊደባደቡብኝ ነው። የቱ ነው?»

«እሺ ነው» አልኳት።

«እንግዲያስ በጽሑፍ ስጪኛ! አናጢው በቃል 'አደርሳለሁ' ብሎኝ በሮቼ እስካሁን ሰሌን ናቸው።»

«በቴሌግራም ልላክልሽ?»

«አናጢውም በቴሌግራም የበር ፎቶ ልኮልኛል፤ የሌላ ሰው በር። ወረቀቱን በእጄ እፈልጋለሁ። የፋብሪካው ሰው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ውሉን ይዞ ይመጣል። እሱ ከቀደመ ቀደመ ነው።»

አቶ ሰይፈሥላሴ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ደወልኩላቸው።

«ማብራሪያ ከፈለገች ማብራሪያ ትጠይቅ» አሉ በሹክሹክታ። «በጽሑፍ ስትጠይቅ፣ ሰኞ ማብራሪያ እናዘጋጃለን። ለዘጠኙም በግልባጭ።»

«ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ ትዕዛዙ የለም፣ ጋሼ።»

«ትዕዛዝ ይመጣል ይሄዳል፤ አሠራር ግን...» ስልኩ ተቋረጠ፤ ወይም ዘጉት።

ያቺን ሰኞ የጻፍኳትን ሁለት መስመር ከኮምፒውተሩ አውጥቼ አተምኳት። ይዤያት ወደ አስካለ ሄድኩ። አነበበችና የማኅተሙን ሳጥን ወደ ራሷ ጎተተች።

«ያለ እሳቸው ፊርማ አልመታም፣ አርሴምዬ። ልጆች አሉኝ።» ከዚያ ፊቷን ወደ መዝገቡ መለሰች። «ስትወጪ ግን አላየሁሽም።»

ከታች ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት አለፈ። ሦስት ሰው ሲቀረው ረዳቱ «ሞልቷል፣ እየሄድን እንሞላለን» አለና ተነሣን። ለወይዘሮ በሰለች መንገድ ላይ ሆኜ ደወልኩላቸው። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ስደርስ ማረፊያው በር ላይ ቆመው ነበር፤ በሩ በእርግጥም ሰሌን ነው፤ ከገደሉ የሚመጣው ንፋስ እንደ ባንዲራ ያውለበልበዋል።

ሣራ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። ገልብጣ ጀርባውን አየች። እንደገና ፊቱን አየች።

«ይኼ ብቻ ነው?»

«አዎ።»

«ማኅተሙስ?»

«የለውም።»

«ይኼ የማን ፊርማ ነው?»

«የኔ።»

«አንቺ ማን ነሽ?»

«የምጽፈው እኔ ነኝ» አልኩ።

«ያን ረጅሙንም?»

«ያን... አዎ። እጄ ጽፎታል።»

ሣራ ወረቀቱን አየች፤ ከዚያ ሰሌን በሯን አየች። ወይዘሮ በሰለች ወረቀቱን ከእጇ ወስደው «እስክሪብቶ» አሉኝ። አውራ ጣታቸውን በእስክሪብቶው ቀለም እስኪጠቁር አስቀቡኝና ከስሜ አጠገብ ተጫኑት።

«እሜቴ» አሏት፣ «ያ ቤት ይታይሻል? ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ያለበት። የኔ ነው። ሠላሳ ሲሞላ ባናው ካልመጣ ሂጂና በሬን አንኳኪ። የኔ እንኳ የእንጨት ነው፤ ይሰማል።»

ሣራ ሳቀች። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። የፋብሪካው ሰው ሲመጣ ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ።

አርባው ባና ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ቀን በአህያ ገባ። ለዘበኝነት የተመዘገቡት ሁለት ሸማኔዎች አልሄዱም። ቢሮ ደግሞ የግልባጮቹ ምላሽ ሲጎርፍ ከረመ፤ ስምንቱ «ግልባጩ ደርሶናል» አሉ፤ ባህሉ ለምን ስድስተኛ እንደሆነ ማብራሪያ ጠየቀ። አቶ ሰይፈሥላሴ ሁሉንም በአንድ ፋይል አስጠርዘው በስድስት ወሩ ሪፖርት ላይ «ዩኒየኑ በጻፈው ውጤታማ ደብዳቤ አማካይነት የአርባ ብርድ ልብስ የገበያ ትስስር ተፈጥሯል» ብለው አስጻፉኝ። ጻፍኩ። ሪፖርቱ ሲነበብ አዳራሹ አጨበጨበላቸው።

ከጥምቀት በኋላ ሣራ የምስጋና ደብዳቤ ላከች። ምስጋናው ለእኔ ነበር፤ ለምን እንደምታመሰግነኝ እንዲታወቅ ብላ የሁለት መስመሯን ወረቀት ፎቶ ኮፒ አያይዛለች፤ ከነአውራ ጣቱ። ደብዳቤው የመጣው በሥራ አስኪያጁ አድራሻ ነው።

አቶ ሰይፈሥላሴ አልጮኹም። በራቸውን ዘግተው ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጃቸው ጻፉ። ሩብ ሰዓት አልሞላም። አስካለ ዓይኔን ሳታይ አመጣችልኝ፤ ማኅተሙ የፊርማውን ሩብ በልክ ነክቷል።

በማግስቱ ወይዘሮ በሰለች ለአዲስ ትዕዛዝ ጉዳይ ሲመጡ መሳቢያዬን እያጸዳሁ አገኙኝ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ይኼ ደግሞ ምን ይላል?» አሉኝ።

አነበብኩላቸው። «ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ስለጻፉ ከየካቲት 1 ቀን ጀምሮ ከሥራ ተሰናብተዋል። ቁልፉን ለአስካለ ያስረክቡ።»

«ቀጥይ።»

«አለቀ።»

«ግልባጭስ?»

«የለውም።»

ወረቀቱን አንሥተው በመስኮቱ ብርሃን አገላብጠው አዩት፤ የቀረ ነገር ከጀርባው የተደበቀ እንደሆነ ብለው ይሆናል። ከዚያ በተዘጋው የአቶ ሰይፈሥላሴ በር በኩል እስኪሰማ ድረስ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አይ ሰውዬው! ለካ ሲፈልጉ ይችሉበታል!»