የሽንት ቤቱ ጨረታ

በድሬዳዋ ሰው ስለ ሆዱ የሚያወራው ሲጠግብ ብቻ ነው። ስለዚህ የአንጀት ሕመም ለጸናባቸው ሰዎች ገንዘብ እናሰባስብ ብለን በተነሳን ጊዜ፣ ኮሚቴው ሦስት ስብሰባ የፈጀው ገንዘቡ እንዴት ይገኝ በሚለው አልነበረም፤ የበሽታው ስም ትኬቱ ላይ ይጻፍ አይጻፍ በሚለው ነበር። አንዱ «የውስጥ ደዌ» እንበለው አለ። ሌላው ትኬቱ የሚሸጥለት ሰው ምሳ ላይ ሊሆን ስለሚችል ይታሰብለት አለ። በመጨረሻ «ለበጎ ሥራ» ተብሎ ብቻ ታተመ።

እኔ የትምህርት ቤት አስተማሪ ስሆን የኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ። ሐኪሙ በሰጠን ዝርዝር ላይ አሥራ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ዓመት ከዓመት ቁርጠቱና ደሙ የማይለቃቸው፣ ክኒናቸው በጅቡቲ በኩል ከባሕር ማዶ የሚመጣ፣ ዋጋው የወር ደመወዛቸውን የሚበላ። አሥራ አምስተኛውን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሀብተ ማርያም ይባላል፤ በጅቡቲው ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነው። በባቡር ጣቢያው ቢሮ ይሠራ የነበረው ባለቤቴ ኃይለጊዮርጊስ ባረፈ በሦስተኛው ወር ቤቴ መጥቶ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ሟቹ ምን ይበላ፣ ምንስ ይተው እንደነበር ጠየቀኝ። ለሰው ሁሉ ባለቤቴ በልብ ሕመም ሞተ ብዬ ነበር። ሀብተ ማርያም ግን አልተታለለም፤ ሁለቱ በባቡር ጣቢያው ግቢ ለዓመታት የተገናኙት አንድ የሽንት ቤት በር ላይ ተራ ሲጠብቁ ነው።

ስሙ ዝርዝሩ ላይ እንዳይገባ ለመነኝ። የፈራው አለቃውን አቶ ጥሩሰውን ነው። አቶ ጥሩሰው የታመመ ሠራተኛ ሲያዩ ያዝናሉ፤ አዝነውም ከባቡር አውርደው ዕቃ ግምጃ ቤት ያስቀምጡታል። ባቡር ላይ ሽንት ቤት ከሰው ሃያ እርምጃ አይርቅም። የግምጃ ቤቱ ግን ከግቢው ማዶ ነው፣ ቁልፉም ያለው ዘበኛው ኪስ ውስጥ ነው።

«ለዚህ በሽታ የሚስማማ ሥራ ካለ የኔ ነው» አለኝ። «እሱን ከነጠቁኝ አለቀልኝ።»

ዝግጅቱ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ በባቡር ሠራተኞች ክበብ ግቢ፣ ከዛፎቹ ሥር ሆነ። ከከዚራም ከመጋላም ሰፈር ሦስት መቶ ያህል ሰው መጣ። ቶምቦላው ወጣና ጨረታው ተጀመረ። ጨረታ ስል ዕቃ የሚሸጥበት ማለቴ አይደለም። አንዱ አሥር ብር ከፍሎ እገሌ ተነስቶ ይጨፍር ይላል፤ እገሌም ከዚያ በላይ ከፍሎ የሚያስቀምጠው ወይም ሌላ ነገር የሚያዘው ሰው እስኪያገኝ ድረስ ከመድረክ መውረድ አይችልም። አጫራቹ ዓብዱልአዚዝ ነበር፤ የመጋላ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሬሳን እንኳ ኪሱን የሚያስዳብስ ምላስ ያለው።

ፋራህ የሚባል የከብት ነጋዴ በሀብተ ማርያም ላይ ቂም ነበረው። በአንድ ጉዞ ፍየሉን እንደ ተሳፋሪ ቆጥሮ ሙሉ ትኬት አስቆርጦታል። አሁን አሥራ አምስት ብር ከፈለና ተቆጣጣሪው መድረክ ወጥቶ ይጨፍር አለ። አቶ ጥሩሰው ቢራው ሞቅ አድርጓቸው ነበርና ሃያ ብለው፣ ጠርሙስ በራሱ ተሸክሞ ይጨፍር አሉ። ፋራህ ሃያ አምስት፣ በሶማሌ ስልት። አቶ ጥሩሰው ሠላሳ፣ ተንበርክኮ። ሰዉ በሳቅ ወንበሩን ሊሰብር ደረሰ።

ሀብተ ማርያም ነጭ ሙሉ ልብስ ለብሷል። ላቡን ያየ ሁሉ ከጭፈራው መሰለው። እኔ ግን ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ የኃይለጊዮርጊስ ፊት ሆኖ ስድስት ዓመት ቁርስ ላይ ከፊቴ ተቀምጧል። ከንፈሩ ይገረጣል፣ ዓይኑ በር ይፈልጋል፣ ከዚያም ሰውየው ከመጠን በላይ ጨዋ ይሆናል። ዘሎ ቢወርድ፣ ለምን እንደሮጠ ለመገመት ከዚህ ይበልጥ የተዘጋጀ ጉባኤ በአገሩ አይገኝም። ባይወርድ ደግሞ ልብሱ ነጭ ነው።

ቦርሳዬ ውስጥ ስልሳ ብር ነበር፤ ለኃይለጊዮርጊስ መቃብር፣ ለድንጋይ ጠራቢው የያዝኩት። እጄን አወጣሁ። ተጫርቼ ስለማላውቅ ዓብዱልአዚዝ ዝንብ የማባርር መስሎት አለፈኝ። ደግሜ አወጣሁ።

«ስልሳ ብር» አልኩ። «ጉባኤው በሙሉ ተነስቶ ሽንት ቤቱ በር ላይ ይሰለፍ። ተቆጣጣሪው ይምራ፤ ሥርዓት ማስያዝ ሥራው ነው። መጀመሪያ እሱ ይግባና ቦታውን ይመርምር።»

የተማሪዎቼ ወላጆች ተያዩ፤ ሐዘን አእምሮዋን ነካት ብለው ይሆናል። ዓብዱልአዚዝ ግን ገንዘብ ሲጠራ ምክንያት አይጠይቅም። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ብሎ መዶሻውን መታ። አቶ ጥሩሰው እኔ አልመጣብኝም ብለው ተቃወሙ።

«ያልመጣበት ስልሳ አምስት ከፍሎ ይቀመጥ አቦ» አለ ዓብዱልአዚዝ። «የመጣበት ይሰለፍ።»

ስልሳ አምስት የሚከፍል አልተገኘም። ሀብተ ማርያም ጠርሙሱን ከራሱ አውርዶ ለሙዚቀኛው ሰጠ፤ ጃኬቱን አስተካክሎ፣ በፉርጎዎች መካከል እንደሚሄድ ሁሉ ደረቱን ነፍቶ፣ ግራና ቀኝ እያየ ሄደ። ገባ። ቁልፉ ሲዞር ተሰማ።

ለዚያ ሁሉ ሰው የነበረው አንድ ሽንት ቤት ነው። ከበሩ አጠገብ እኔ ቆምኩ፤ ከሰልፉ ፊት አቶ ጥሩሰው፣ ቀጥሎ ፋራህ፤ ሰልፉ ዛፎቹን ዞሮ እስከ ውጭው በር ደረሰ። አምስት ደቂቃ አለፈ። አሥር። አቶ ጥሩሰው በሩን አንኳኩ፤ ይህ ሰው የሚመረምረው ምንድን ነው ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ከበሩ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ በሩ ሲመላለስ አንድ ነገር እየገጣጠሙ እንደሆነ ገባኝ። ሌላ የምሰጣቸው ነገር ያስፈልግ ነበር፤ የነበረኝ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

«አቶ ጥሩሰው» አልኩ፣ «ኃይለጊዮርጊስ በቀን አሥር ጊዜ ከቢሮ ይወጣ ነበር። እርስዎ ሲጋራ ሊያጨስ ነው ይሉ ነበር። አጭሶ አያውቅም። ልቡም ደህና ነበር።»

ማንኳኳታቸውን አቆሙ። ከኋላቸው ፋራህ አንገቱን አቀረቀረ።

ቀጥሎ የሆነው ማንም ያላሰበው ነው። ሰው ሰልፍ ላይ ሲቆም ያልመጣበትም ይመጣበታል። ቢራ የጠጣው ክርስቲያንም፣ ሎሚናት የጠጣው እስላምም እኩል እግሩን ማፋተግ ጀመረ። አንድ የከዚራ ባለሱቅ፣ ሌላ ጊዜ ለለማኝ ሳንቲም የሚመርጥ፣ ሁለተኛውን ተራ በስንት ትሸጡልኛላችሁ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀ። ዓብዱልአዚዝ ሰማው። ወዲያው ወንበር ላይ ወጥቶ ተራ ማጫረት ጀመረ። ፋራህ ተራውን ላለማስነጠቅ አርባ ብር ከፈለ፤ ከፍየሉ ትኬት በላይ ነው እያለ አጉረመረመ። በዚያ ግማሽ ሰዓት የገባው ገንዘብ ከቶምቦላው በለጠ።

ሀብተ ማርያም ወጣ። ፊቱ ታጥቧል፣ ልብሱ እንደነጣ ነው። ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ተመልክቶ፣ ንጹሕ ነው፣ አንድ በአንድ ግቡ ብሎ አስታወቀና በሩ ላይ እንደ ሹም ቆመ።

አቶ ጥሩሰው ገቡ፤ ሲወጡ እጃቸውን በመሐረብ እያደረቁ አጠገቤ ቆሙ።

«የሰኞው የጅቡቲ ባቡር የሀብተ ማርያም ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የማክሰኞውም።»

እኔ ምንም አልጠየቅኳቸውም ነበር። አመሰገንኳቸው። መሐረባቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ቢራቸው ሄዱ።

ተራ የገዙት ሁሉ ካለቁ በኋላ የእኔ ደረሰ። ሀብተ ማርያም በሩን ከፈተልኝ። ገብቼ ቆለፍኩ። ምንም አልመጣብኝም፤ ግን ስልሳ ብር ከፍዬበታለሁና፣ ከውጭ እያንኳኩም ቢሆን ጥቂት ቆየሁ።