በቅሎዋ ሞያ ጠማት

«ሞያ ትፈልጊያለሽ?» አለቻት ከባንኮኒው ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ።

አምሳለ ሥራ ልትሰጣት መሰላት። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት መማሯን፣ ማስተማርም እንደምትችል፣ ለጊዜው ግን የመጣችው ወንድሟን ፍለጋ እንደሆነ ቀስ ብላ አስረዳች። ልጅቷ አፏን ከፍታ አዳመጠቻት። ከዚያ ተነሥታ ከጋኑ በጣሳ ቀዳችላት።

«ሞያ» አለች ጣሳውን እያቀበለቻት። «ውኃ ማለቴ ነው። ከንፈርሽ ደርቋል።»

ሂያም ትባላለች። ተወልዳ ያደገችው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ስለሆነ አማርኛዋ መሐል ዐረብኛ ጥልቅ ይላል። አባቷ ሀጂ አብዱልናስር የጎንደር ሰው ናቸው። ስኳር፣ ክርና ባትሪ ይሸጣሉ፤ በስቴንስል የተባዛ የልብ ወለድ መጽሐፍም ይሸጣሉ። አምሳለን ያመጣት ይኸው መጽሐፍ ነው። የስደተኞች መጠለያ ውስጥ አንድ ሰው ተኝቶ ሲያነብ ሽፋኑን አየች፤ «የሰባቱ ምንጮች ጠባቂ» ይላል፣ ከሥሩ የወንድሟ የታምሬ ስም፣ ከስሙ ሥር የዚህ ሱቅ ስም።

ታምሬ ከአገር የወጣው ድርቁ ሳይመጣ ነው። በሰባ ሰባት አምሳለና እናቷ ተከተሉት፤ እናትየው ድንበሩን ሳይሻገሩ መንገድ ላይ ቀሩ። አምሳለ አላለቀሰችም። ሲቀብሯቸው የቆመችው ሌላ ሴት እንደሆነች ነው የምታስበው። ይህን ለታምሬ መንገር አለባት። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላሰበችበትም።

«ታምሬ ደኅና ነው» አሉ ሀጂ ዐይናቸውን ከሚዛኑ ሳያነሡ። «ከሰላ ነው ያለው። ጽሑፉን በአውቶቡስ ይልክልናል። ቡክራ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ። እስከዚያ ከሂያም ጋር ሁኚ፣ ልጄ።»

ቡክራ ነገ ማለት ነው። ገዳሪፍ ላይ ግን ነገ ቶሎ አይነጋም። አምሳለ ከጓዳው ከሂያም ጋር እያደረች፣ ቀን ቀን ዱራ ከሚሉት ማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጣ መጻሕፍቱን ከመጀመሪያው ጀምራ ማንበብ ያዘች።

በታሪኩ ውስጥ ዘርፌ የምትባል ልጅ በበቅሎዋ በዳማ ተቀምጣ፣ ዘንዶዎች የቆለፏቸውን ምንጮች ልታስከፍት ትዞራለች። ዳማ ግራ ዓይኗ የጠፋ ነው። አምሳለ ይህችን በቅሎ ታውቃታለች፤ የአባቷ በቅሎ ነበረች። በማታይበት በኩል ሲቀርቧት ስለምትራገጥ ልጆቹ የሚይዟት በቀኝ ዞረው ነበር። ታምሬ አንድ ቀን ረስቶ በግራ መጣ፤ ቅልጥሙ ላይ ጠባሳው ቀረ። እስከ አራተኛው መጽሐፍ ድረስ ዘርፌም በቀኝ እየዞረች ትጭናታለች።

አምስተኛው ላይ ዳማ ዘንዶውን በግራ ዓይኗ ከሩቅ አየችው። ሁለተኛው ላይ ተቀብረው የነበሩት የዘርፌ አያትም በር ከፈቱ። አምሳለ ገጹን መልሳ አነበበች። ሰው ሲርበው ይረሳል ብላ አለፈችው።

ስድስተኛው በወጣ ሰሞን አንዳርጋቸውና ሙዘይን የሚባሉ ሁለት የመጠለያው ሰዎች ከሱቁ ደጃፍ ቆመው ያነቡ ነበር።

«‹በረሃው መሐል በቅሎዋ ሞያ ጠማት› ይላል» አለ አንዳርጋቸው። «የበቅሎ ሞያ ምን ይሆን?»

«መራገጥ ነዋ። ሌላ ምን ሞያ አላት?»

«አንተ ምን ይገባሃል፣ ሰምና ወርቅ ነው። ደራሲው የተማረ ሰው ነው።»

«የተማረ ከሆነ ይቺን ምስኪን ውኃ አያጠጣትም ነበር?»

ሳቁ። አምሳለ አልሳቀችም። ሂያምን አየቻት፤ ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ስኳር ትሰፍራለች፤ ስኳሩ ከመስፈሪያው ሞልቶ ይፈስሳል።

ሰዎቹ እስኪሄዱ ጠበቀች።

«ዳማ በግራ ዓይኗ አታይም» አለች።

ሂያም መስፈሪያውን አስቀመጠች።

«ይህን ታምሬ አይስተውም። አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አምስተኛውንና ስድስተኛውን» አለች ሂያም። ድምፅዋ በጭንቅ ነው የሚሰማው። «አራቱን ሲጽፍ ወረቀቱን የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ፊደልም ያስቆጠረኝ እሱ ነው። የትኛው ዓይኗ እንደሆነ ተምታታብኝ።»

«እሱስ?»

«ለሰሊጥ አጨዳ ዶካ ወደሚባለው የእርሻ ቦታ ወረደ። መጽሐፉ ለብቻው አያበላም፣ ታውቂያለሽ። እዚያ ወባ ያዘው። ወዛደሮቹ ናቸው የቀበሩት፤ እኛ የደረስነው በኋላ ነው።» የፈሰሰውን ስኳር በመዳፏ መሰብሰብ ጀመረች። «በየመጠለያው ቀጣዩ መቼ ነው እያሉ ሲጠይቁ አባቴ የታምሬን ሞት መናገር አቃተው፣ አንቺ ጻፊ አለኝ። አንቺ ስትመጪም ሊነግርሽ ነበር። ነገ እላታለሁ፣ ነገ እላታለሁ ይላል።»

አምሳለ አንድ ነገር ከውስጧ እስኪነሣ ጠበቀች፤ አልተነሣም። እጆቿን አየች፤ ጉልበቷ ላይ ተጋድመዋል፣ ሰው ረስቷቸው የሄደ ዕቃ ይመስላሉ።

«የእናታችንን ሞት ልነግረው ነበር የመጣሁት» አለች በመጨረሻ።

ሂያም ቀና አለች። ከዚያ ሄዳ በጣሳ ውኃ አመጣችላት፤ ይህን ጊዜ ምንም ስም አልጠራችለትም። አምሳለ ተቀብላ ጠጣች። ሀጂ አብዱልናስር ከመስጊድ ሲመለሱ ሁለቱን ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኟቸው፤ ስኳሩንም፣ የተከፈተውንም መጽሐፍ አዩና በሩ ላይ ቆሙ።

«አወቅሽ?» አሉ።

«አዎ፣ ሀጂ።»

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

«መቃብሩን ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ።»

በማግስቱ ሀጂ ሱቁን ዘጉ፤ ሦስቱም ወደ ዶካ በሚሄድ ሎሪ ተሳፈሩ።