በመጀመሪያው ምሽት ስምንት

ፋይቪሽ "መሲሕ እስኪመጣ ድረስ ከዙንድል ጋር አንድ ቃል አልነጋገርም" ብሎ የማለው ምኩራብ ውስጥ ማሞቂያው አጠገብ ባለች ወንበር የተነሳ ነው። ዙንድልም እዚያው ቆሞ ያንኑ ማለ። ሁለቱም የኢየሩሳሌም ሽማግሌዎች ናቸው። ቤታቸው ፊት ለፊት ነው። ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ከሰዓት በኋላ አንድ መጽሐፍ ላይ አጎንብሰው ሲከራከሩ ኖረዋል። ወንበሯን በመጨረሻ ሌላ ሰው ወሰዳት።

ሁለት ክረምት አለፈ። ፋይቪሽ ብቻውን ያጠና ጀመር። ብቻውን የሚያጠና ሰው ሁልጊዜ ትክክል ነው፤ ይኸው ነገር አንገፈገፈው። የሚከራከረው ሰው ናፈቀው። ሚስቱ ብሬንድል ሦስት ሰዎች ፊት ቀርቦ መሐላውን እንዲያስፈታ መከረችው። ለዚያ "ተጸጽቻለሁ" ማለት ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ከዚያ ቢሞት ይሻለዋል።

ስምንት ምሽት መብራት የሚበራበት የሐኑካ በዓል የመጀመሪያው ምሽት መጣ። ጀምበር ስትጠልቅ ፋይቪሽ ደጃፉ ላይ ያለውን የመስታወት ሳጥን ከፍቶ ስምንቱንም ብርጭቆዎች ዘይት ሞላቸው። ብሬንድል ዛሬ አንድ ብቻ እንደሆነ አስታወሰችው። አውቃለሁ አላት። ባረከ፣ አንዱን አበራ፤ ከዚያ ሰባቱንም ለኮሰና እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ።

ጥንት የሊቁ የሂሌል ተማሪዎች በአንድ ጀምረን በየቀኑ እንጨምር አሉ። የተከራካሪው ሊቅ የሻማይ ተማሪዎች በስምንት ጀምረን እንቀንስ አሉ። የሚሠራው በሂሌል ነው። መሲሕ ሲመጣ ግን ሕጉ እንደ ሻማይ ይሆናል ይባላል፤ ይህን በሰፈሩ የማያውቅ የለም። እንግዲህ አንድ የተማረ ሽማግሌ በመጀመሪያው ምሽት ስምንት ካበራ፣ ወይ አብዷል ወይ የመሲሕ ወሬ ደርሶታል።

የሰፈሩ ዓሣ ሻጭ ቀረብ ብሎ የሰሙት ነገር ካለ ጠየቀው። ፋይቪሽ ሰማዩን አየ። የዓሣ ሻጩ ሚስት ሙታን ከተነሱ አማቷን የት እንደምታስተኛ ጨንቋት ብሬንድልን ትርፍ ፍራሽ ለመነቻት።

ብሬንድል የባሏ ተንኮል ገብቷታል። "የእኔ አማት ትቀድማለች" አለቻት።

ማዶ የዙንድል መጋረጃ ተገለጠ፤ ተዘጋ፤ እንደገና ተገለጠ። ወዲያው ዙንድል በነጠላ ጫማ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ፋይቪሽን አላየውም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ለግድግዳ መናገር መሐላ አያፈርስም።

"ግድግዳ፣ ባለቤትህ እንደ ሻማይ የሚያበራው ማን ፈቅዶለት ነው?"

"ግድግዳ፣" አለ ፋይቪሽ፣ "ሻማይ ልክ ነበር። ዘይት በየቀኑ ስለሚያልቅ እንቀንስ አለ።"

ምክንያቱ እንዲህ እንዳልሆነ ፋይቪሽ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ዙንድልም ያውቃል። ትንሽ ታገሠ፤ ከዚያ በላይ አልቻለም።

"አንተ ደደብ፣ በዳስ በዓል ይሠዉ ከነበሩት ወይፈኖች ጋር አመሳስለውት ነው! እነሱ አይደሉ በየቀኑ ይቀንሱ የነበሩት?"

ለግድግዳው ሳይሆን በቀጥታ ለፋይቪሽ ነበር የተናገረው። ፋይቪሽ ፈገግ ሊል ሲል የዙንድልን ፊት አየ። አመድ መስሏል። ዙንድል ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

"ምዬ ነበር እኮ" አለ ቀስ ብሎ።

ፋይቪሽ እስከዚህ ድረስ አላሰበውም ነበር። ዙንድል እንዲናገር ብቻ ነው የፈለገው። ዙንድል ደግሞ መሐላ ያፈረሰ ዕለት እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው።

መሐላ ሲፈታ ከመጀመሪያውም እንዳልተማለ ይቆጠራል። ፋይቪሽ ዓሣ ሻጩንና ሁለት ጎረቤቶችን ጠርቶ አግዳሚው ላይ አስቀመጣቸው። ሰፈርተኛው ሁሉ በመስኮት ተሰግስጓል።

"በዚያ ወንበር ምክንያት በመማሌ ተጸጽቻለሁ" አለ። ጮክ ብሎ ነው ያለው፣ ዙንድል እንዳያፍር።

ዙንድልም ተነሥቶ ያንኑ አለ፤ ድምፁ ብዙም አልተሰማም። ሦስቱ ሁለቱንም ፈቱ።

"ሕዝቡን ግን አታለልክ" አለ ዙንድል።

"ምን ተናገርሁ? አንዱ ለትእዛዙ ነው፣ ባርኬበታለሁ። ሰባቱ አንተን ከቤት ለማውጣት ነው።"

ዙንድል ወደ መብራቶቹ ዞረ። "አጥፋቸው። መዳን እንዲህ በአንድ ጊዜ አይመጣም። ዛሬ አንድ፣ ነገ ሁለት እየተባለ ነው የሚመጣው።"

"አንተ ሰው፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ጨለማ ውስጥ ነበርሁ።"

 ዙንድል ትርፍ መብራት ማጥፋት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚል ክርክር አነሣ። ፋይቪሽ አይፈቀድም አለ። መጽሐፍ ሊያዩ ተያይዘው ገቡ። ገጹን ሳያገኙት የስምንቱም ዘይት አለቀ። ብሬንድል ሻይ ይዛ ስትገባ በሌላ ነገር እየተጣሉ ነበር።